ያረጀ ዴስክቶፕን መታደግ፦ ከአቧራ እስከ ኦቨርክሎክ፣ በጎጃም አየር

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። ጠረጴዛው ስር የምታገኙት ሳጥን ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኮምፓክ። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ፣ ተሽጦ የመጣ። ውስጡ ኮር 2 ዱዎ ወይም ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 የሚባል ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) አለ። ባለቤቱን ብትጠይቁት "በቃ አርጅቷል፣ ስታክ ያደርጋል" ይላችኋል።

አብዛኛው አላረጀም፤ ታፍኗል። ሙቀት ሲበዛበት ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኛ ደግሞ ያንን እንደ እርጅና እንቆጥረዋለን።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ከሁሉም ይበልጣል። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ መብራት፣ ከዚያ ዲስክና ራም። ኦቨርክሎክ (ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት) የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከመጣም። ልጆቹ ግን ዩቲዩብ አይተው ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ላይ ፍጥነት ይጨምሩበታል። ከዚያ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ ይባላል።

ብርድ አገር ነው ብላችሁ አትዘናጉ

"ጎጃም ብርድ ነው፣ እዚህ ኮምፒውተር አይሞቅም" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነትነቱ ግማሽ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። እንጅባራ ከሁለቱም ትበልጣለች። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በማርቆስ ከፍታ አንድ ሊትር አየር፣ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ ያንኑ ያህል ሊትር ይገፋል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ ያው ፋን፣ ያው ዙር፣ ያነሰ ማቀዝቀዝ።

የዳታ ሴንተር መሐንዲሶች ይህን በስሌት ይዘውታል። ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ፣ የሚፈቅዱትን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። በዚህ ሂሳብ ማርቆስ 5 ዲግሪ ታጣለች፣ ባሕር ዳር 3። ማርቆስ ላይ ቅዝቃዜው ያካክሰዋል። ባሕር ዳር ላይ፣ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ግን የሚያካክስ ነገር የለም። አባይ በረሃ አካባቢ ያላችሁማ የምታውቁት ነው።

መጀመሪያ ለኩ

ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጫኑ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ኮምፒውተሩ ሥራ ሳይይዝ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ በሥራ የሚያስጨንቀውን ፕራይም95ን ለአሥራ አምስት ደቂቃ አሠሩና ከፍተኛውን ቁጥር ጻፉ። ክፍሉ ምን ያህል ሞቃት እንደነበርና ሰዓቱንም ጨምሩበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የለካችሁትን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው።

ሥራ ሳይዝ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ጤነኛ ነው። በሥራ ብዛት እስከ 75 ድረስ አትጨነቁ። ከ85 ካለፈ ችግር አለ። ወደ 100 ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ማንቀርፈፍ ይጀምራል፣ ከዚያም ካለፈ ድርግም ይላል። ፕራይም95ን ስትጀምሩ ቁጥሩ በሰከንዶች ውስጥ 90 ከገባ ወዲያው አቁሙት። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ወይ ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚወስደው ባለ ክንፍ ብረት) በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ በሁለቱ መሃል ያለው ፔስት ደርቋል፣ ወይ ፋኑ ቆሟል።

አቧራው

የበጋ አቧራ የታወቀ ነው። ለብቻው ቢሆን በቀላሉ ይወጣል። የሚያስቸግረው ከጭስና ከቅባት ጋር የተጋገረው ነው። ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ የኖረ ሂትሲንክ አቧራው በብሩሽ አይነሳም። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የባሰ ነው፤ የጤፍ ዱቄት ብናኝ ክንፎቹ መሃል ይገባና እርጥበት ሲያገኝ ይጣበቃል።

ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ኃይል ይወጣል። ሹራብ ለብሳችሁ ከሆነ አውልቁት፣ በደረቅ ወራት ስታቲክ (ቺፕ የሚጎዳ የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ይፈጥራል። ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት ንኩ።

ሳጥኑን ወደ በረንዳ አውጡት። ብሎወር ካለ ጥሩ፤ ከሌለ አዲስ የቀለም ብሩሽ ይበቃል፣ ጠጉሩ ለስላሳ ይሁን። ብሎወር ስትጠቀሙ ፋኑን በጣት ወይም በእስክሪብቶ ያዙት። ነፋሱ ከልክ በላይ ካሽከረከረው ይበላሻል። ቫኪዩም ክሊነር ማዘርቦርድ ላይ አታስጠጉ፣ እሱም ስታቲክ ያመጣል። ጎማ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉም አሉ። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ውሃና ዘይት ይጠራቀማል፣ ያንን ማዘርቦርዱ ላይ መርጨት ነው። ይቅርባችሁ።

ፓወር ሰፕላዩን ከውጭ ብቻ አጽዱ። አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ሳጥኑ እንደተከፈተ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች እዩ። እነዚያ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉት። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጠበ ካለ፣ ሙቀት በመቀነስ የምትፈቱት ነገር አይደለም። ብየዳ የሚችል ባለሙያ ይቀይረው። ኦቨርክሎክንም ለዚያ ማሽን እርሱት።

ፔስት መቀየር

በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል ያለው ቴርማል ፔስት ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። እሱን መቀየር ብቻውን ሙቀቱን ብዙ ዲግሪ ሊያወርደው ይችላል። ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ከመንቀላችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ አሙቁት፤ ፔስቱ ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፉና ገመዱን ንቀሉ። የፋኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ አውጡ። ሂትሲንኩ በብሎን የታሰረ ከሆነ ብሎኖቹን በመስቀል፣ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ አላሉ። የኢንቴል ባለ አራት ፕላስቲክ እግር ከሆነ እግሮቹን አናታቸው ላይ ባለው ቀስት አቅጣጫ አዙሩና ወደ ላይ ሳቡ። ሂትሲንኩን በኃይል አትመንጭቁ፤ ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞራችሁ አላቁት። በተለይ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ሳይሆን የተፎካካሪው የኤኤምዲ ከሆነ። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ከሂትሲንኩ ጋር ተጣብቆ ከሶኬቱ ሊነቀል ይችላል፣ እግሮቹም ይጣመማሉ። በነዚህ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ደግሞ እግሮቹ ያሉት ሶኬቱ ላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ካነሳችሁ እዚያ ውስጥ ጣትም ጨርቅም አይግባ።

የድሮውን ፔስት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ቀጥሎ ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል። 70 በመቶው ይሠራል፤ ነገር ግን ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። 90 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ይሻላል። "ዳግም አረቄ ይበቃዋል" የሚል ምክር በጎጃም መስማት የግድ ነው። አይበቃውም። ውሃም ሌላም ነገር አለበት፣ ሲደርቅ የሚቀር ነገር ይተዋል። አረቄውን ለሥራው ማለቂያ አቆዩት።

አዲሱን ፔስት ፕሮሰሰሩ መሃል ላይ የአንድ አተር ፍሬ ያህል አድርጉ። በጣት አትቀቡት። ሂትሲንኩ ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል። አብዝቶ ማድረግ ጥቅም የለውም፤ ፔስት ከብረት ያነሰ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ሥራው ቀዳዳ መሙላት ብቻ ነው። ሂትሲንኩን ስትመልሱ የፕላስቲክ እግሮቹን መጀመሪያ ወደ ነበሩበት አቅጣጫ መልሱ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን እየሄዳችሁ ቀጭ እስኪል ተጫኑ። አራቱም መግባታቸውን ከማዘርቦርዱ ጀርባ ማየት ከቻላችሁ እዩ። አንዱ እግር ሳይገባ ቀርቶ "ፔስቱ ፎርጅድ ነው" ያለ ሰው ስንት ነው።

ገበያ ላይ ፎርጅድ ፔስትም ቢሆን አለ። ለጽሕፈት ቤት ማሽን ግን ውድ ብራንድ አትፈልጉ። ያልደረቀና እንደ ክሬም የሚወጣ ፔስት ይበቃል።

የሚጮህ ፋንና የአየር መንገድ

ፋን ሲጮህ ወዲያው መቀየር አያስፈልግም። መሃሉ ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት በጥንቃቄ አንሱ። ብዙዎቹ ከስሩ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉ። ልብስ ሰፊ ዘንድ አይጠፋም። የምግብ ዘይት በጭራሽ፤ ቆይቶ ይወፍራል፣ ፋኑንም ያስረዋል። ወረቀቱ ዘይት ላይ ስለማይይዝ መልሳችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉት። በእጅ ስታሽከረክሩት ሚዛኑን ስቶ የሚንገዳገድ ከሆነ ግን ዘይት አያድነውም፣ ቀይሩት። አንዳንድ የዴል ማሽኖች የፋን መሰኪያ ከተራው የተለየ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን ፋን ይዛችሁ ሂዱ።

የአየሩ መንገድ ቀላል ነው፦ ከፊት ይገባል፣ ከኋላ ይወጣል። ኦፕቲፕሌክስ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን "ያፍናል" ብለው የሚጥሉት አሉ። አትጣሉት። ከፊት የሚገባውን አየር በቀጥታ ሂትሲንኩ ላይ የሚያደርሰው እሱ ነው። የሳጥኑን ጎን ከፍቶ መተውም እንደዚያው ነው፤ ለጥቂት ቀን ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ አቧራው በእጥፍ ይገባል። ገመዶቹን ሰብስባችሁ እሰሩ። ሳጥኑን ከወለሉ በጡብ ወይም በጣውላ ከፍ አድርጉ፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አርቁ። የምትጠርግ ልጅ አቧራውን የምትገፋው ወደዚያው ነው።

መብራት

ሙቀት ቀስ ብሎ ይገድላል፣ መብራት በአንድ ጊዜ። ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ይዘላል። መብራት ሲጠፋ ገመዱን የመንቀል ልማድ ይኑራችሁ። ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ዩፒኤስ ከቻላችሁ ግዙ፤ ካልቻላችሁ ቢያንስ ስታቢላይዘር ይኑር።

ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ቀይ ማንሸራተቻ ካለ 230 ላይ መሆኑን እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የኛን 220 እንዲያ ሆኖ ሲቀበል ጧ ይላል፣ ያበቃል።

ቴስተር ካላችሁ ቮልቴጁን ለኩ። ቢጫው ገመድ ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ውስጥ መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ሪስታርት የሚያደርገው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሰዓትና ቀኑ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ትንሽ ነው፦ ሲአር2032 የምትባለውን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ቀይሩ።

ዲስክና ራም

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል በሌለው ማከማቻ) መቀየር። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሀርድ ዲስክ አንድ ፋይል ፈልጎ ለማግኘት ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ 0.1 ገደማ። አሮጌው የዲስክ መሰኪያ፣ ሳታ የሚባለው፣ የኤስኤስዲውን ሙሉ ፍጥነት ባያወጣው እንኳ ይህ ልዩነት አይጠፋም። ሲስተሙን ከመጫናችሁ በፊት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ የሳታውን አሠራር ኤኤችሲአይ በሚለው ላይ አድርጉት።

የድሮው ሀርድ ዲስክ ለማከማቻ ያገልግል፤ ግን በክሪስታልዲስክኢንፎ ጤናውን እዩ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ፋይሉን ዛሬውኑ ገልብጡ። (በነገራችን ላይ የሀርድ ዲስክ ራስ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር ገደማ በላይ እንዲሠራ አይፈቅዱም። ማርቆስ ሰላም ናት። ጮቄ ተራራ ላይ ላፕቶፕ ይዞ የሚወጣ ካለ ኤስኤስዲ ይያዝ።)

ራሙን ነቅላችሁ ወርቃማ ጥርሱን በነጭ ላጲስ በቀስታ አሹት፤ ፍርፋሪውን አራግፉ። ኮምፒውተሩ ጢጥ ጢጥ እያለ ስክሪኑ አልበራ ሲል፣ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ስትጨምሩ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 እንደማይገጥሙ አትርሱ። አንድ 8 ጊጋ ከመግዛት ሁለት ባለ 4 ጊጋ መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። የዊንዶውስ ነፃ ምትክ የሆነው ሊኑክስ ሚንት፣ ቀለል ያለው ባለ ኤክስኤፍሲኢው፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ለጽሕፈት ቤቶች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ደንበኞቻችሁ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል የሚያመጡ ከሆነ፣ ፓወር ግዕዝም የለመዳችሁት ከሆነ፣ አንድ ማሽን ላይ ሞክራችሁ ሳታዩ ሁሉንም እንዳትቀይሩ።

ኦቨርክሎክ፣ ለሚያስፈልገው

ማነው የሚያስፈልገው? ደብዳቤ የሚተይብ አይደለም። በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ቪዲዮ ሬንደር የሚያደርግ (አቀናብሮ ወደ መጨረሻው ፋይል የሚያወጣ) ነው። 10 ሰዓት የሚፈጅ ሬንደር፣ ፕሮሰሰሩ ከ3.0 ወደ 3.6 ጊጋኸርዝ ቢወጣ፣ ቢበዛ ቢበዛ ወደ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወርዳል። ችግሩ የፋሲካው ሰርግ ከአገሩ ሞቃት ወራት ጋር መግጠሙ ነው። ስለዚህ ገደባችሁን ጥር ላይ ሳይሆን ሚያዝያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ለኩት።

የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ባዮሳቸው ይህን አይፈቅድም። አትድከሙ። ተገጣጣሚ ማሽን ከሆነና ኢንቴል ከሆነ፣ የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ኬ ፊደል መኖሩን፣ ማዘርቦርዱም ፒ67፣ ዜድ68 ወይም ዜድ77 መሆኑን እዩ። ከኤኤምዲ በኩል ብላክ ኤዲሽንና ኤፍኤክስ ክፍት ናቸው። ኮር 2 ዱዎ ደግሞ እንደ ፒ35 እና ፒ45 ባሉ ቦርዶች ላይ በባሱ (ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር በሚያገናኘው መስመር) ፍጥነት በኩል ይነሳል።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። ኢ8400 የሚባለው ኮር 2 ዱዎ የሚሠራው የባሱ 333 ሜጋኸርዝ በማባዣው 9 ተባዝቶ ነው፣ 3.0 ጊጋኸርዝ። ባሱን 350 ብታደርጉት 3.15፣ 400 ብታደርጉት 3.6። ራሙ አብሮ ስለሚነሳ 400 ላይ ቢያንስ ዲዲአር2 800 ያስፈልጋል። ፒሲአይ ኤክስፕረሱን (የግራፊክስ ካርዱን መስመር) 100 ላይ ቆልፉት። አይ5 2500ኬ ከሆነ ይቀላል፤ ማባዣውን ከ33 ወደ 36፣ ከዚያ ወደ 38፣ ከዚያ ወደ 40 ማድረግ ነው።

በአንድ ጊዜ አትዝለሉ። ትንሽ ጨምሩ፣ አስነሱ፣ ሙቀቱን እዩ፣ ፕራይም95ን አንድ ሰዓት አሠሩ። ከቆመ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ አንድ ደረጃ ተመለሱ። 80 ዲግሪ ካለፈ እዚያው አቁሙ፤ ከፍታው የወሰደባችሁን ህዳግ አስቡ። ባዮስ አፕዴት ማድረግ ካማራችሁ ያለ ዩፒኤስ እንዳትነኩት።

ቮልቴጅ ላይ ቆጣቢ ሁኑ። ፕሮሰሰሩ የሚያመነጨው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ። ቮልቴጁን ብቻ በ10 በመቶ ብታሳድጉት ሙቀቱ በ21 በመቶ ያድጋል። ፍጥነቱንም በ10 በመቶ ከጨመራችሁ 33 በመቶ ይሆናል። ለኢ8400 ኢንቴል ራሱ ያስቀመጠው ጣሪያ 1.3625 ቮልት ነው። እኔ ብሆን ቮልቴጅ ሳልጨምር በደረስኩበት እቆማለሁ። የሰርግ ቪዲዮ ይዞ የሚቆም ማሽን ካለቀሰች ሙሽራ ጋር ነው የሚያጣላው።

ባለ ኮር አይ 5 ኦፕቲፕሌክስ ያላችሁም ባዶ እጃችሁን አትቀሩም። በሞቃት ከሰዓት በኋላ የዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን 100 የነበረውን 99 በመቶ አድርጉት። ቱርቦው (ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ራሱ የሚጨምረው ፍጥነት) ይጠፋል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን በደንብ ይወርዳል። ሲመሽ መልሱት።

ጨምራችሁ ጨምራችሁ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳ ካለ አትደንግጡ። ገመዱን ንቀሉ። ክቧን ባትሪ አውጥታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ወይም ባትሪዋ አጠገብ ያለውን የሲሞስ ጃምፐር (ትንሽ የፕላስቲክ መሰኪያ) ለጥቂት ሰከንድ አዘዋውራችሁ መልሱት። ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል። የሠራላችሁን የመጨረሻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት፤ ሌላ ሰው ሲከፍተውም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።